ብርሌው ሳይነቃ፤ ስለ ልደታ ጠጅ ቤቶች የቀረበ ሙግት

ከጥቂት ጊዜ በፊት በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር ተቀምጠን ስንጫወት፣ የአዲስ አበባ ሰፈሮች መለወጥ ነገር ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ፣ በትምህርቱም በጠባዩም የምናከብረው ሰው፣ «ልደታ ከጠጅ ቤት ከጸዳች ወዲህ ነው ሰው የሚኖርባት ሰፈር የሆነችው» ብሎ ተናገረ። የሚሳቀውም ሳቀ፤ ዝም የሚለውም ዝም አለ። እኛም ዝም ካሉት ወገን ነበርን። በማግሥቱ ግን ዝምታችን ራሱ ወቀሰን። ይህ ጽሑፍ በዚያ ቀን መስጠት ሲገባን ሳንሰጠው የቀረነው መልስ ነው።

ለመጠጥ ጥብቅና የቆምን የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አስቀድሞ እንዲታገሠን እንለምነዋለን። መጠጥ ያፈረሰው ትዳርና ያባከነው ደመወዝ ስንት እንደ ሆነ ከማንም ያላነሰ እናውቃለን። የምንከራከረው ስለ ቤቱ ነው፤ ይኸውም ሰው ከሰው ስለሚገናኝበት፣ ነገር በምሳሌ ስለሚነገርበት፣ ታላቅና ታናሽ በአንድ አግዳሚ ስለሚቀመጡበት ቤት ነው።

ልደታ ስሟን ያገኘችው ግንቦት 1 ቀን በዓሏ ከሚከበረው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰፈሪቱ ግን የምእመናን ሰፈር ብቻ አልነበረችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ኤሮፕላኑ የተነሣው ከልደታው ሜዳ ነው። የቦሌው አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ እስኪጀምር ድረስ ከሩቅ ሀገር የሚመጣው እንግዳ የአዲስ አበባን መሬት የሚረግጠው በዚሁ በኩል ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በዚሁ ሰፈር ስለሚያስችል፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ፣ በኋላም ከየክፍለ ሀገሩ፣ ዶሴውን በብብቱ ሸጉጦ የመጣ ባለጉዳይ የሚውለው በልደታ ነበር። ከወዲህ መርካቶ፣ ከወዲያ ተግባረ እድና ሜክሲኮ አደባባይ አሉ። ስለዚህ ልደታ የመጪና የሂያጅ ሰፈር ነበረች ብንል ማጋነን አይሆንም።

ወደብ ባላቸው ከተሞች እንዲህ ያለ የመጪና የሂያጅ ቦታ የራሱ የሆነ መጠጥ ቤት አለው። በለንደን ከተማ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ዋፒንግ በሚባለው ሰፈር፣ ታሪኩን እስከ 1520 እ.ኤ.አ. የሚቆጥር አንድ መጠጥ ቤት ዛሬም አለ። ስሙን «ፕሮስፔክት ኦፍ ዊትቢ» ያሰኘችው በአጠገቡ ታስራ ትቆም የነበረች ከዊትቢ የመጣች መርከብ ናት። መርከቢቱ ከጠፋች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ቤቱ ግን ስሟን ይዞ ቆሟል። እንግሊዞች ያንን ቤት ያላፈረሱት ሌላ የሚጠጡበት ቦታ አጥተው አይደለም። መርከበኛው ከባሕር ወጥቶ በመጀመሪያ «ሰው ነኝ» ያለበት ቤት መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

ልደታ ባሕር የላትም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ የላትም። ነገር ግን ለባለጉዳዩ ቀጠሮ ባሕር አይደለምን? ከጎጃም ወይም ከወለጋ ተነሥቶ፣ በቅሎውን ወይም ማሳውን ሸጦ፣ «ለሦስት ሳምንት ተቀጥሯል» የሚባለው ሰው ወዴት ይሂድ? ዘመድ የለውም፤ ሆቴል ለመያዝ አቅም የለውም። ወደ ጠጅ ቤት ይገባል። አንድ ብርሌ አዝዞ ማዶ የተቀመጡትን «ጤና ይስጥልኝ» ሲል፣ ከአነጋገሩ የሀገሩ ልጅ ያውቀዋል። በሁለተኛው ብርሌ ማመልከቻ የሚጽፍለት ሰው ይገኝለታል፤ በሦስተኛው ማደሪያ። ከፍርድ ቤቱ ደጅ ያላገኘውን ምክር ከዚያ ያገኘ ስንቱ ነው! የገዛ አባታችን በርስት ክርክር ልደታ በተመላለሱባቸው ዓመታት፣ ሕጉን የነገራቸው ጠበቃ ሳይሆን በጠጅ ቤት አግዳሚ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠ አንድ ጡረተኛ የችሎት ጸሐፊ መሆኑን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያወሱት ነበር።

የባሕርም ነገር ቢሆን ከልደታ ፈጽሞ የራቀ አልነበረም። በወጣትነታችን በምናውቀው በአንዱ ቤት፣ ጭስ ባጠቆረው ግድግዳ ላይ፣ የመርከብ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። የሰቀሉት ቤቱን የሚያዘወትሩ አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል ሰው ናቸው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ተቋቁሞ ምጽዋን ዋና ሰፈሩ እንዳደረገ፣ «ኢትዮጵያ» የተባለችው ትልቋ መርከቡም እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ የመን እንደ ሸሸች፣ በ1993ም ለብረታ ብረት እንደ ተሸጠች በጽሑፍ ይገኛል። እኛ ግን በመጀመሪያ የሰማነው ከመጽሐፍ አይደለም። እኒያ ሰው ብርሌውን አንገቱን ይዘው ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ፣ ማዕበል መርከብን እንዴት እንደሚያንገላታ ያሳዩን ነበር። ከብርሌው አንዲት ጠብታ አትፈስም ነበር። ባሕርን በዓይናቸው አይተው የማያውቁት የሰፈር ልጆችና የጋራዥ ሠራተኞች ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጡ ነበር። ሀገር ባሕሯን ባጣች ጊዜ የባሕሯ ታሪክ የተጠለለው በአንድ የልደታ ጠጅ ቤት ነበር ብንል፣ ያየነውን መመስከራችን ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ከእኒያ ሰው ጋር ተለያየን። የሚያገናኘን ቤት ስለ ሌለ መፈላለጊያው ጠፋን።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ጠጅ፣ ግዕዙ ሜስ የሚለው፣ በጥንት ዘመን የነገሥታትና የመኳንንት መጠጥ ነበረ። በቤተ መንግሥት ጠጅ ቤት የሚባለው ራሱን የቻለ ክፍል ሲሆን የራሱ አዛዥ፣ የራሱም ጠጅ ጣዮችና አሳላፊዎች ነበሩት። ግብር ሲገባ ማን ከየትኛው ጠጅ እንደሚጠጣ የሚለየው በጥሙ መጠን ሳይሆን በማዕረጉ ነበር። ጥሩው ለመኳንንቱ፣ ቀጥሎ ያለው ለጭፍራው ይቀዳል፤ ባላገሩም በጠላው ይረካል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ግን ከተማው ሲሰፋ ጠጅ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ መንገድ ዳር መጣ። ማንም ሰው ሳንቲሙን ከፍሎ፣ ማዕረጉ ሳይጠየቅ፣ የመኳንንቱን መጠጥ በመኳንንቱ ብርሌ ሊጠጣ ቻለ። ይህ ነገር ትንሽ አይደለም። እኩልነት በሕግ ሳይታወጅ አስቀድሞ በአግዳሚ ላይ ተለመደ ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት ውስጥ እጅ ነሥቶ የሚያልፈው ተላላኪ ማታ ከአለቃው ጎን ተቀምጦ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ እንኳ ተሳስተዋል» ለማለት የሚደፍረው በጠጅ ቤት ነበር። ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ የሚለው ብሂላችን ከዚህ የመጣ ቢሆን አያስደንቅም። ምሳሌ ታናሹ ለታላቁ እውነትን የሚናገርበት ጨዋ መንገድ ነውና።

ከዚህም ሌላ የጠጅ ቤት ባለቤቶች ብዙዎቹ ሴቶች እንደ ነበሩ መዘንጋት የለበትም። ከባላገር ያለ ርስትና ያለ ገንዘብ፣ አንዳንዷም ከማይሆን ጋብቻ አምልጣ ወደ አዲስ አበባ የገባች ሴት፣ ከእናቷ የተማረችው ጠጅ መጣል ካፒታሏ ሆነ። በዚያ ሙያ ልጆች ተምረዋል፤ ከተማሩትም መካከል ዛሬ ይህን መጽሔት የሚያነብቡ ይኖራሉ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ እነዚህ ሴቶች በቀበሌ ቤት በአነስተኛ ኪራይ ሥራቸውን እየሠሩ ቆዩ። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የልደታ መልሶ ማልማት ሲጀመር ግን የሴቶቹ ኑሮ ከግድግዳው ጋር ፈረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የፈረሱት ቤቶች ያረጁና ያዘመሙ፣ መጸዳጃ የሌላቸው፣ እሳት ቢነሣ መግቢያ የሌላቸው ነበሩ። በቦታቸው የጋራ መኖሪያ ሕንጻ መቆሙን፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም በልደታ ማለፉን የምንቃወም አይደለንም። እኛም በክረምት ጣራው ከሚያፈስ ቤት ውስጥ ያደግን ስለሆንን የጭቃ ቤት ናፍቆት የለብንም። የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው። ለመኝታው፣ ለመኪናው፣ ለሱቁ ቦታ የተቈጠረለት ፕላን ሰው ለሚገናኝበት ለዚህ ቤት አንዲት ክፍል አልቈጠረለትም። የቀበሌ ቤት ተከራይዋ ለመኖሪያ አራተኛ ፎቅ ቢደርሳት፣ ጋኗን በደረጃ ተሸክማ ትውጣን? ጌሾውን በየትኛው ምድጃ ትቀቅል? የምድር ቤቱ ሱቅ ደግሞ በጨረታ ለከፍተኛ ዋጋ ይሸጣልና፣ በብርሌ ሽያጭ የምትኖር ሴት ከባንክና ከመድኃኒት መደብር ጋር ልትጫረት አትችልም። እንግዲህ ጠጅ ቤቱን የከለከለ ሕግ አልነበረም፤ የረሳው ፕላን ነበረ እንጂ።

የተቃዋሚዎቻችንን ሐሳብ አንድ በአንድ እንመልከት።

በመጀመሪያ፣ «ጠጅ ቤት ስካርን ያስፋፋል» ይላሉ። በደንብ የተጣለ ጠጅ የአልኮል መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ7 እስከ 11 ያህል ሲሆን ከአረቄ እጅግ ያነሰ ነው። ቢሆንም ያሰክራል፤ አንክድም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ማድረጉን፣ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ማውጣቱን በሙሉ ልብ እንደግፋለን። ነገር ግን ጠጅ ቤቱ ሲፈርስ ስካር አብሮ ፈርሷልን? ማንም ሰው ማታ በዚያው ጎዳና ቢያልፍ መልሱን ያገኘዋል። ጠጪው ሙዚቃው ጆሮ ወደሚያደነቁርበት ቡና ቤት ተዛውሯል፤ ወይም ጠርሙሱን ገዝቶ ከመኝታ ቤቱ ገብቷል። በጠጅ ቤት እትዬ ፊቱን አይታ «ይበቃሃል ልጄ፣ ወደ ቤትህ ግባ» ትለው ነበር፤ እርሱም እናቱ የተናገረችው ያህል አክብሮ ይነሣ ነበር። ዛሬ ማን ይነግረዋል? የሂሳብ መቀበያው ማሽን ይበቃሃል አይልም።

ሁለተኛ፣ «ጠጅ ቤት ንጽሕና የለውም» ይላሉ። ይህ ክስ እውነትነት አለው፤ መልሱ ግን ማጽዳት ነው እንጂ ማጥፋት አይደለም። ትምህርት ቤት ቢቆሽሽ ይታጠባል እንጂ ትምህርት ይቅር አይባልም።

ሦስተኛው ክስ ከሁሉ የሚብሰን ነው፤ «ኋላ ቀርነት ነው» የሚለው። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ወደ ውጭ ሀገር ደርሰው ሲመለሱ ያን የውጭ ሀገር የጥንት መጠጥ ቤት፣ የእንጨቱን ጠረጴዛና የሽማግሌውን ጨዋታ እያደነቁ ያወሩልናል። የሰው ሲሆን ቅርስ፣ የራስ ሲሆን ኋላ ቀርነት የሚሆነው በምን ሚዛን ነው? ሰዎቹ ያደነቁት ነገር በራሱ አልተጠበቀም። በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሕግ የሰፈር ሰዎች መጠጥ ቤታቸውን ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ንብረት ብለው ያስመዘግባሉ፤ ሊሸጥ ሲልም ገንዘብ አሰባስበው ለመግዛት ጊዜ ይሰጣቸዋል። ከ2017 ወዲህም መጠጥ ቤትን ያለ ፕላን ፈቃድ ማፍረስ አይቻልም። ጆርጂያ ወይንን በሸክላ ጋን የመጣል ጥንታዊ ሙያዋን እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቤልጅግም የቢራ ባህሏን በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ አስጽፈዋል። እነዚህ ሕዝቦች በፋብሪካና በባቡር ከእኛ የቀደሙ ናቸው፤ ጋናቸውን ግን አልሰበሩም።

ሌላውን ከወቀስን ዘንድ ራሳችንንም መውቀስ ግድ ነው። ጠጅ ቤትን ያዋረደው ግሬደሩ ብቻ አይደለም። ጠጅ ማለት አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ተበርዞ፣ በወይራ በታጠነ ጋን ተቀምጦ፣ ጌሾ ገብቶበት፣ እንደ ሀገሩ ሙቀትና ብርድ ሁለትና ሦስት ሳምንት ታግሦ፣ አምቡላው ተለይቶ የሚጠራ መጠጥ ነው። ዛሬ ግን በብዙ ቤት የሚቀዳው ስኳር በውሃ ተሟሙቶ፣ ቀለም ተጨምሮበት ቢጫ የሆነ ነገር ነው። ማር ተወደደ ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ማሩ ከተወደደ በእውነተኛ ዋጋ መሸጥ እንጂ ሐሰቱን በእውነቱ ስም መሸጥ ምን ይባላል? ከጠጪውም ወገን ጥፋት አለ። ደረቁን፣ መካከለኛውንና ለስላሳውን በምላሱ ለይቶ ያውቅ የነበረው ጠጪ አሁን ርካሹን ብቻ ይጠይቃል። እኛም ርካሹን ከጠየቁት አንዱ ነበርን፤ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘች ሀገር ሆና ሳለ፣ በዋና ከተማዋ ከማር የተጣለ ጠጅ ለማግኘት ዘመድና ምልክት መፈለግ ሊያሳዝነን ይገባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ወቀሳ ብቻ ጽፎ ማለፍ ቀላል ነውና፣ የሚቻለውን እንናገራለን።

የከተማ ፕላን በእጃችሁ ያለ ሹማምንት ሆይ፣ ሰፈር ስታድሱ ከምድር ቤቱ ክፍሎች ጥቂቶቹን ከጨረታ ውጭ አድርጋችሁ፣ ቀድሞ በዚያው ሰፈር ጠጅ ለሚጥሉት ሴቶች በተመጣጣኝ ኪራይ ስጡልን። ከጀርባውም ጭስ የሚወጣበትና ጋን የሚቀመጥበት አንድ ክፍል ይሠራ። የጤና ተቈጣጣሪም ይምጣ፤ ይመርምር፤ የቆሸሸውን ይቅጣ። የንግድ ጉዳይ የሚመለከታችሁም የማርን ጠጅና የስኳርን ፈሳሽ በአንድ ስም እንዳይሸጡ ብታደርጉ፣ ሐቀኛዋ ጠጅ ጣይ ከአጭበርባሪው ጋር በዋጋ እየተወዳደረች አትከስርም።

መምህራን ሆይ፣ ከተማሪዎቻችሁ ጋር ወደ ቀሩት ባለሙያዎች ሂዱ። ተማሪውን እንዲጠጣ ሳይሆን እንዲጽፍ ስደዱት። ጋኑ እንዴት እንደሚታጠን፣ ጌሾው መቼ እንደሚገባ፣ ጠጁ «በሰለ» የሚባለው በምን ምልክት እንደ ሆነ በቃል ብቻ የሚኖር ዕውቀት ነው፤ ባለቤቱ ስትሞት አብሮ ይቀበራል። ኢትዮጵያ የመስቀልን በዓል እ.ኤ.አ. በ2013፣ ፊቼ ጨምበላላን በ2015፣ የገዳን ሥርዓት በ2016፣ ጥምቀትን በ2019 በዓለም መዝገብ ስታስጽፍ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ተቀምጦ የሚመዘግብ ሰው እንደ ነበረ አትርሱ።

በመጨረሻ ወደዚያ ባልደረባችን ንግግር እንመለሳለን። «ሰው የሚኖርባት ሰፈር» አለን። እስቲ ይምጣና በአንዱ ሕንጻ ደረጃ ላይ ይቁም። በዚያ ደረጃ ላይ ለዓመታት ሲተላለፉ የኖሩ ጎረቤቶች የአንዱን ስም ሌላው ሳያውቀው፣ በር ለበር ይኖራሉ። የድሮው ልደታ ግን አንድ ሰው ለሁለት ቀን ከአግዳሚው ቢጠፋ «ታመመ ወይስ ምን ሆነ?» ተብሎ ልጅ ይላክበት ነበር። ጣራው ያፈስ ነበር፤ ሰው ግን አይጠፋም ነበር። ጣራውን ጠግኖ ሰውን ማቆየት ይቻል እንደ ነበረ እናምናለን፤ በሌሎቹ ሰፈሮች ዛሬም ይቻላል።

ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ብለዋል አባቶቻችን። በልደታ ነቅቷል። በቀሩት ሰፈሮች ግን ገና በእጃችን ነው፤ አያያዙን እንወቅበት።